ለስሜን ተራሮች የትኛው የጀርባ ቦርሳ ይሻላል? ኦስፕሬይ አትሞስ 65 እና ዶይተር ኤርኮንታክት ላይት 50+10

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና የተራራ ቦርሳ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሰው እጅ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የሚመጣ ዘመድ ደውሎ «ስንት ሊትር ላምጣ?» ይላል፤ ወዲህ ያለውም «ግዴለም፣ ትልቁን አምጣው» ብሎ ይመልሳል። ቦርሳው ይመጣል፤ ያምራል፣ ሰፊም ነው። ስሜን ላይ ከሳንቃበር ሰፈር አልፎ ወደ ጊች ሰፈር ሽቅቡ ሲጀመር ግን ትከሻ ይቃጠላል፣ ወገብ ይላጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቦርሳው ጥራት አይደለም። ቦርሳ እንደ ጫማ ቁጥር አለው፤ የመጣው ደግሞ ለሌላ ሰው ጀርባ የተሰፋው ነው። ስለዚህ ለዘመዳችሁ አስቀድማችሁ መላክ ያለባችሁ በሴንቲ ሜትር የተለካ የጀርባ ርዝመትና የዳሌ ዙሪያ ነው። ሊትሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለቱን ቦርሳዎች የመረጥናቸው ውጭ አገር በቀላሉ ስለሚገኙ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሸክምን በጀርባ ላይ የሚያሳርፉበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው። የአሜሪካው ኦስፕሬይ አትሞስን የሠራው በተወጠረ መረብ ነው፤ ቦርሳው ከጀርባ ራቅ ብሎ ይንጠለጠላል። የጀርመኑ ዶይተር ኤርኮንታክትን የሠራው በወፍራም ስፖንጅ ነው፤ ቦርሳው ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ገበያ ላይ ያሉት ሌሎች ትልልቅ ቦርሳዎችም አብዛኞቹ ከነዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ ያደላሉ፤ እነዚህን መለየት የቻለ ሰው ሌላውንም አይቶ መፍረድ አያቅተውም።

መጀመሪያ ልኬቱ

ለመለካት ሁለት ሰውና የልብስ ሰፊ ሜትር ያስፈልጋል። ተለኪው ቀጥ ብሎ ቆሞ አንገቱን ወደ ደረቱ ይድፋ፤ ከማጅራቱ ሥር ጎልቶ የሚወጣ አጥንት አለ፣ መነሻው እሱ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ሁለት እጁን በጎኑና በጎኑ ያድርግና የዳሌ አጥንቱን አናት በጣቶቹ ይፈልግ። አውራ ጣቶቹ ወደ ኋላ ዞረው ሲጠቁሙ በመካከላቸው የሚኖረው መስመር አከርካሪውን የሚያቋርጥበት ቦታ መድረሻው ነው። ሜትሩ የጀርባን ቅርጽ ተከትሎ ይወርዳል እንጂ በአየር ላይ አይወጠርም። አብዛኛው አዋቂ ከ40 እስከ 52 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት እስከ ሱሪ ቀበቶ ድረስ መለካት ነው። ሱሪ ዛሬ የሚታሰረው ከዳሌ አጥንት አናት ዝቅ ብሎ ስለሆነ ልኩ በብዙ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በዚያ ልክ የተገዛ ቦርሳ የወገብ ቀበቶው ወርዶ መቀመጫ ላይ ይውላል። ቁመትም አያስተማምንም። እግረ ረጅም የሆነ ሰው ጀርባው አጭር ሊሆን ይችላል፤ ከእሱ በአንድ ጭንቅላት የሚያንስ ሰው ደግሞ ከእሱ የበለጠ ረጅም ጀርባ ሊኖረው ይችላል። የዳሌ ዙሪያውም የሚለካው በዚያው በአጥንቱ አናት ላይ ነው።

አትሞስ በአዲሱ ስሪት በሁለት መጠን ይመጣል፤ ኤስ/ኤም እና ኤል/ኤክስኤል። በእያንዳንዱ መጠን ውስጥ ማንገቻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ የወገብ ቀበቶው ስፖንጅም ወደ ፊት ይሳባል። የሴቶቹ ኦራ ይባላል። ዶይተር ለወንድ የሚሠራው አንድ መጠን ነው፤ ማንገቻው ግን ከጀርባው ላይ ከፍ ዝቅ ስለሚደረግ ብዙ ሰው ያስተናግዳል። ኤስኤል የሚል የተጻፈበት ደግሞ ለአጭር ጀርባ፣ በተለይ ለሴቶች የተሠራ ነው፤ ማንገቻዎቹ ጠበብ ያሉና ወደ ጎን የታጠፉ ናቸው፣ ቀበቶውም ለሰፋ ዳሌ የተቆረጠ ነው። ጀርባው 42 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድም ኤስኤሉን ቢሞክር አያሳፍርም። ቀለሙ ደስ ካላለው ሌላ ነገር ነው።

ቦርሳው እጃችሁ ሲገባ ባዶውን አዝላችሁ በመስታወት አትፍረዱት። ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል። ስድስት ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ ክተቱ፤ 12 ኪሎ ይሆናል። ጠርሙሶቹ እንዳይንቀሳቀሱ ዙሪያቸውን በብርድ ልብስ አሲዙ። ከዚያ ማሰሪያዎቹን በሙሉ አላሉና ቦርሳውን አዝሉ። መጀመሪያ የወገብ ቀበቶውን፤ የስፖንጁ መሃል በዳሌ አጥንት አናት ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ አጥብቁ። ቀጥሎ ማንገቻውን ወደ ታች ሳቡ፣ ትከሻን እስኪነካ እንጂ እስኪጫን አይደለም። ከማንገቻው አናት ወደ ቦርሳው የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ማሰሪያዎች በመጨረሻ ትንሽ ሳብ አድርጉ፤ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ተዳፍተው ወደ ላይ መውጣት አለባቸው። ጠፍጣፋ ከሆኑ ወይም ወደ ታች ካዘነበሉ ጀርባው ለእናንተ አጭር ነው። የደረት ማሰሪያው ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይያዛል፤ መተንፈስ እስኪከለክል ከጠበቀ ማንገቻው ሰፍቷችኋል ማለት ነው።

አሁን ሁለት ጣት ማንገቻው ሥር አስገቡ። ጣቶቹ በቀላሉ ከገቡና ቦርሳው ካልወረደ ክብደቱ ዳሌ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሸክም መሆን ያለበትም እዚያ ነው። የወገብ ዘለበቱ ሲቆለፍ ደግሞ በቀኝና በግራ ስፖንጆቹ ጫፎች መካከል የአንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ይቅር። ጫፎቹ ከተገናኙ ቀበቶው ከዚህ በላይ መጥበቅ አይችልም፤ ሦስት ቀን ተራራ ላይ የከረመ ሰው ደግሞ ሆዱ ይጎድላል። ባለ አምስት ፎቅ ደረጃ ሁለት ጊዜ ወጥታችሁ ውረዱ። በመውጣት ጊዜ የሚያስቸግረው ማንገቻው ነው፤ በመውረድ ጊዜ የሚያስቸግረው ቀበቶው ነው፤ ሁለቱንም ማየት አለባችሁ።

አትሞስ 65

የአትሞስ ጀርባ አንድ ወጥ መረብ ነው። ከትከሻ መካከል ተነሥቶ ወገብን አልፎ ሳይቋረጥ የቀበቶው ክንፎች ውስጥ ይገባል። ከኋላው ዙሪያውን የዞረ ጠንካራ ሽቦ መረቡን ወጥሮ ይይዘዋል፤ በቦርሳውና በጀርባ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይቀራል። ስታዝሉት ቀበቶው ተከፍቶ ስለሚቀበላችሁ በእጅ መለጠጥን ይጠይቃል፤ ከዚያ ግን ሰውነትን ያቅፋል። 12 ኪሎ ጭኖበት ሳለ 8 ኪሎ የያዘ ይመስላል። በዚህ ምቾት የሚወዳደረው ቦርሳ ጥቂት ነው።

የኪሱ አደረጃጀትም የታሰበበት ነው። ቀበቶው ላይ ሁለት ባለ ዚፕ ኪስ አለ፤ ስልክና ቆሎ ይይዛሉ። ፊት ለፊት የሚለጠጥ ትልቅ ኪስ አለ፤ እርጥብ የዝናብ ልብስ ለመወሸቅ ነው። ከታች ለመኝታ ከረጢት የተለየ በር አለ። ክዳኑ ይወልቃል፤ ሲወልቅ አፉን የሚሸፍን ሌላ ጨርቅ ከሥሩ አለ። በአዲሱ ስሪት የዝናብ ሽፋንም አብሮት ይመጣል። ባዶውን 2 ኪሎ አለፍ ይላል፤ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ከ300 ዶላር በላይ ነው።

ጉድለቱ የሚታየው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ብርድ ነው። ጊች ሰፈሩ በ3,600 ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ እሜት ጎጎ፣ 3,926 ሜትር፣ ሲወጣ ገደሉ ጫፍ ላይ ነፋስ አይጠፋም። በሽቅቡ ጀርባ በላብ ርሷል፤ በመረቡ ክፍተት ነፋስ ሲገባ ያ ላብ ወዲያው በረዶ ይሆናል። ቆላ ላይ፣ ለምሳሌ አዋሽ ፓርክ፣ የሚያስመሰግነው ክፍተት እዚህ ያንቀጠቅጣል። መፍትሔው ሽቅቡን ስትጨርሱ ወዲያው ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት መደረብ ነው፤ ያን ለማድረግ ደግሞ ቦርሳውን ማውረድ ግድ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ክፍተቱ ሸክሙን ወደ ኋላ ያርቀዋል። በሰፊ መንገድ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ከጨነቅ ሰፈር ወጥቶ የቧሂትን ማለፊያ ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ሲወረድ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፣ መንገዱም ጠጠርና የሚንከባለል ድንጋይ ነው። እዚያ 16 ኪሎ የያዘ ባለ መረብ ቦርሳ በየእርምጃው ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሲታጠፉም ይወዛወዛል። ሸክሙ በጣም ከከበደ ደግሞ መረቡ ረግቦ ክፍተቱ ይጠባል፤ የተከፈለበት ምቾት አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። መረቡና ቀበቶው በሚገናኙበት ቦታ አቧራና ላብ ሲገባ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። የአትሞስ ባለቤቶች ዘወትር የሚያነሱት ቅሬታ ነው። መገናኛውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ደረቅ ሳሙና ወይም ሻማ ማሸት ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል።

ሌላም አለ፤ ጉድለት ከማለት ጠባዩ ማለት ይሻላል። ሽቦው ወደ ውስጥ ስለሚጎብጥ የቦርሳው ሆድም ጎባጣ ነው። እንደ ድስት ወይም የተጠቀለለ ድንኳን ያለ ደረቅ ነገር በጀርባ በኩል አይገጥምም፤ ዙሪያውን በልብስ መሙላት ያስፈልጋል።

ኤርኮንታክት ላይት 50+10

ስሙ ላይ ያለው 50+10 ማለት ዋናው ሆድ 50 ሊትር ሆኖ አንገቱ ሲሳብ 10 ሊትር ይጨምራል ማለት ነው። ክዳኑ አብሮ ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ቀን ስንቅ ያን አንገት ይሞላዋል፤ እየተበላ ሲሄድ ቦርሳው ያጥራል። ይህ ቀላል ብልሃት ለስሜን ጉዞ ከብዙ ኪስ የበለጠ ይጠቅማል።

ጀርባው ሁለት ወፍራም የስፖንጅ አምድና በመሃል የአየር መውጫ ቦይ ነው። ስፖንጁ ውስጡ ክፍት ቀዳዳዎች ስላሉት በእርምጃ ሲጨመቅና ሲለቀቅ አየር ይገፋል ይላሉ ሠሪዎቹ። እውነት ነው፣ ይገፋል፤ ቢሆንም ከመረቡ ጋር አይወዳደርም፣ ጀርባ ይርሳል። ፍሬሙ፣ ማለትም ቦርሳውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው አጽም፣ አልሙኒየም ነው፤ ሸክሙን ወደ ቀበቶው ያወርዳል። ሸክሙ ጀርባ ላይ ስለሚለጠፍ በቁልቁለት ሰውነትና ቦርሳ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ቧሂት ላይ ይህን ቦርሳ ያዘለ ሰው ምርኩዙን የሚጠቀመው ለጉልበቱ ነው፤ አትሞስ ያዘለው ለሚዛኑም ይፈልገዋል።

የማንገቻው ከፍታ የሚስተካከለው ከጀርባው ላይ ሲሆን ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አንዴ ከተስተካከለ ግን በቦታው ይጸናል። ቀበቶው ከአትሞስ ቀበቶ ደረቅ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀጭን ሰው የዳሌ አጥንቱ ላይ ይሰማዋል፤ ስፖንጁ ሲለማመድ ይለሰልሳል። ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከአትሞስ ይቀንሳል። የዝናብ ሽፋን እንደ ስሪቱ ስለሚለያይ ገዢው ሱቅ ውስጥ ከፍቶ ይይ።

ፍርዱ ይህ ነው፦ ሸክሙን ራሱ ተሸክሞ ከሳንቃበር እስከ ራስ ደጀን ለሚሄድ ሰው ኤርኮንታክት ይሻላል። ሸክሙ ከ13 ኪሎ በታች ለሆነ፣ ላብ ለሚያስቸግረው ወይም ቆላ ለሚያዘወትር ሰው አትሞስ ይሻላል። ጀርባው ከዚህ በፊት የታመመ ሰው ሁለቱንም በ12 ኪሎ ሳይሞክር አይግዛ።

ለመሆኑ ይህን ያህል ቦርሳ ያስፈልጋል?

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለአራት ቀን፦ ድንኳን 2 ኪሎ፣ ብርድ የሚችል የመኝታ ከረጢት 1.3፣ ፍራሽ 0.5፣ ልብስ 2.5፣ ምድጃና ድስት 0.8፣ ስንቅ በቀን 0.8 ሲታሰብ 3.2፣ ውሃ 3፣ ባዶ ቦርሳው 2.1፣ የእጅ ባትሪና መድኃኒት የመሳሰለው 1 ኪሎ። ድምሩ 16.4 ኪሎ ነው። ሸክም ከሰውነት ክብደት 20 በመቶ ባይበልጥ የሚለው የተለመደ ልክ ለ65 ኪሎ ሰው 13 ኪሎ ነው። 16.4 ማለት ለዚህ ሰው 25 በመቶ ነው፤ ያውም ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ በሳሳበት። ለ80 ኪሎ ሰው 20 በመቶ ገደማ ነው፤ እሱ ይቻለዋል።

ስሜን ላይ ግን በቅሎ አለ። ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስካውት፣ ማለትም የታጠቀ አጃቢ፣ ሲመደብ በቅሎና ባለበቅሎም አብሮ ይገኛል፤ አብዛኛው ተጓዥ ዕቃውን በበቅሎ ነው የሚያስጭነው። እንዲያ ከሆነ እናንተ የምትይዙት ውሃ፣ የሙቀት ልብስ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ምሳ፣ ካሜራና የፀሐይ ቅባት ነው፤ ከ7 እስከ 9 ኪሎ። ለዚህ 65 ሊትር ቦርሳ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከ28 እስከ 36 ሊትር የሆነ፣ ግን እውነተኛ የወገብ ቀበቶና ፍሬም ያለው ቦርሳ ይበቃል። ኦስፕሬይ ታሎን 33 ቀላልና ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ዶይተር ፉቱራ 32 ባለ መረብ ነው፣ ከበድ ይላል። በዚህ ክብደት መረቡ አያወዛውዝም፤ ለብርዱ ጃኬት ካለ ፉቱራም አይከፋም። ለእንጦጦ፣ ለመናገሻ ሱባ፣ ለወንጪና ለየረር የቅዳሜ ጉዞም የሚያገለግለው ይኸው መጠን ነው። ባሌ የሚሄድም ፈረስ ስለሚከራይ ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው።

ትልቁን ቦርሳ በቅሎ ላይ የሚጭን ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ጭነት የሚታሰረው በገመድ ነው፤ ገመዱ ተስቦ ይጠብቃል፣ በእርምጃው ሁሉ ይፈገፍጋል። የአትሞስ መረብ እንዲህ ላለ ገመድ አልተሠራም፤ ይላጣል፣ ሽቦውም ሊጣመም ይችላል። የቀበቶው ክንፍ ከጭነቱ ወጥቶ ከቁጥቋጦ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ቦርሳውን በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በጆንያ ውስጥ ከታችሁ አፉን አስራችሁ ስጡ። ከዚያም የተሻለው ለበቅሎው ፍሬም የሌለው ወፍራም የሸራ ሻንጣ መያዝ ነው፤ ባለበቅሎውም ግራና ቀኝ ለማመዛዘን ይቀለዋል።

(ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ቦርሳ ከመግዛት በፊት ደባርቅ ደውሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።)

መርካቶና ሰልባጅ

መርካቶ ትልልቅ ስም የተለጠፈባቸው ቦርሳዎች ሞልተዋል። ስሙን ትታችሁ አምስት ደቂቃ ፈትሹ። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተገናኘበትን ሥር ገልብጣችሁ እዩ፤ አራት ማዕዘን ሆኖ በመስቀል የተሰፋ ወይም ድርብርብ ጥብቅ ስፌት ከሌለው 10 ኪሎ ሲጫን ከዚያ ነው የሚበጠሰው። ቀበቶውን በጣት ጨምቁ፤ ስፖንጁ ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ ጣትና ጣት ከተገናኘ ዳሌ ላይ ምንም አይሸከምም። ጀርባውን በጉልበታችሁ ላይ አጥፉት፤ እንደ ካርቶን ከታጠፈ ፍሬም የለውም። ሊትሩን ደግሞ ራሳችሁ ለኩ፤ የሆዱን ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉ። 60 ሊትር ተብሎ የተጻፈበት 58 በ30 በ20 ከሆነ 35 ሊትር እንኳ አይሞላም። የስልክ መሙያ ቀዳዳ ያለው ቦርሳ ለቢሮ ነው፤ ተራራ ላይ ያ ቀዳዳ ውሃ ማስገቢያ ነው።

ሰልባጅ ውስጥ ግን እውነተኛ ዕቃ ይገኛል፤ ዕድለኛ የሆነ ሰው ያረጀ ዶይተር በጥቂት ብር ያነሣል። የሚያጠምደው ነገር ከውጭ አይታይም። እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ የጨርቁን ሽፋን ዳሱ፤ ከተጣበቀ፣ ከሸተተ ወይም ነጭ ቅርፊት እጅ ላይ ከቀረ ውሃ መከላከያው ሞቷል። ይህ በሙቀትና በእርጥበት መጋዘን የከረመ ቦርሳ ዕጣ ነው፣ አይድንም፤ ዋጋው በጣም ካልረከሰ ተዉት። ዘለበቶቹን ቆልፋችሁ በኃይል ሳቡ፤ ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ነጣ ይላል፣ ይሰነጠቃል። ዚፑ ተዘግቶ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ተንሸራታቹ ሰፍቷል ማለት ነው፤ በፒንሳ ሁለቱን ጎኖቹን ቀስ ብሎ መጫን ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። ጥርሱ የረገፈ ዚፕ ግን መለወጥ አለበት፤ ቦርሳ ላይ ይህ ውድ ሥራ ነው።

ዝናብ

የዝናብ ሽፋን ቦርሳውን ከፊትና ከላይ ይሸፍናል፤ በጀርባ በኩል የሚወርደውን ውሃ አያቆመውም። ከአንገት የሚንጠባጠበው በማንገቻው ሥር አልፎ ስፖንጁን ያረሰርሰዋል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በዚህ ረገድ መረቡ ይሻላል፤ ቶሎ ይደርቃል። እሜት ጎጎ ላይ ያለው ነፋስ ደግሞ በላስቲክ ብቻ የተያዘን ሽፋን ነጥቆ ገደል ይሰደዋል፤ በገመድ ከቦርሳው ጋር እሰሩት። ዋናው መከላከያ ውስጥ ያለው ነው። ትልቅ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት በቦርሳው ሆድ ውስጥ ዘርጉ፤ ማዳበሪያ ውስጥ ለእህል የሚገባው ዓይነት ግልጽ ላስቲክ በጣም ይስማማል። የመኝታ ከረጢቱና የሌሊት ልብሱ እሱ ውስጥ ይግቡ፤ አፉ ተጠምዝዞ ይታጠፍ። ከታች ለመኝታ ከረጢት የተሠራውን በር ያን ጊዜ አትጠቀሙበት። የሰኔና የሐምሌ ዝናብ የሚገባው በዚያ ዚፕ ነው።

አጫጫንና እንክብካቤ

ከባዱ ነገር፣ ማለትም ስንቅ፣ ውሃና ድስት፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል ጀርባን ተጠግቶ ይቀመጥ። ከታች የመኝታ ከረጢት፣ ከውጭ በኩል ልብስ። ብዙ ሰው ውሃውን በሁለቱ የጎን ኪሶች ይሞላና አንዱን ቀድሞ ይጨርሳል፤ ከዚያ እስከ ማታ አንድ ጎን ሲጎትተው ይውላል። እየቀያየራችሁ ጠጡ። ቦርሳውን ከመሬት ስታነሡ በአንድ ማንገቻ አትሳቡት፤ ከላይ ያለውን አጭር እጀታ ይዛችሁ መጀመሪያ ጉልበት ላይ አሳርፉት። ማንገቻዎች ከሥራቸው የሚላቀቁት በብዛት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጉዞ በኋላ የደባርቅ አቧራ ዚፑ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጉት፣ ከዚያ ሻማ አሹት። ቦርሳውን ኦሞ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ኃይለኛ ዱቄት ሳሙና የጨርቁን ሽፋን ያነሣዋል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የገላ ሳሙና በስፖንጅ እጠቡ፣ ተዘቅዝቆ ጥላ ላይ ይድረቅ። እርጥብ እንዳለ ቁም ሣጥን ውስጥ ከገባ ይሻግታል፤ ሽታው አይለቅም።

የተበጠሰ ማንገቻ ጫማ ሰፊ ይሰፋዋል፤ ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ክሩ ናይለን ይሁን፤ የጥጥ ክር በላብ ይበሰብሳል። መርፌውም ቀጭን ይሁን፣ ስፌቱም ተራርቆ ይሂድ፤ የጫማ ወስፌ የሚተዋቸው ትልልቅ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ላይ ከተጠጋጉ ጨርቁ በዚያው መስመር ይቀደዳል። የቀበቶና የደረት ዘለበት የሚሰበረው ተሽከርካሪ በር ውስጥ ሲቀረቀር ወይም ሰው ሲረግጠው ነው። የጥብጣቡን ወርድ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ በዚያው ልክ መለዋወጫ አንድ አንድ ያዙ፤ መርካቶ ርካሽ ነው፣ ጨነቅ ላይ ግን በምንም ዋጋ አይገኝም። ኦስፕሬይ የዕድሜ ልክ የጥገና ዋስትና አለው፤ ቦርሳውን ወደ ድርጅቱ የማድረሻው ወጪ የባለቤቱ ስለሆነ ግን ከአዲስ አበባ ለአንድ ዘለበት የሚያዋጣ አይደለም። ዘመድ ተመልሶ ሲሄድ ይዞት ቢሄድ ነው።

ዘመዳችሁ ሱቅ ሲገባ በልኩ መሠረት መርጦ የመጠን መለያውን ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ፤ ደረሰኙንም እስክትሞክሩት ይያዝ። አውሮፕላን ላይ ቦርሳው በጭነት ከሄደ የወገብ ቀበቶው ወደ ፊት ዞሮ ቦርሳውን ያቅፍና ይቆለፍ፤ የተንጠለጠሉ ጥብጣቦች ይጠቅለሉ፣ ከዚያ በትልቅ ከረጢት ውስጥ ይግባ። የምድጃ ጋዝ ቆርቆሮ ግን አብሮ አይላክ፤ በእጅም ሆነ በጭነት ሻንጣ ክልክል ነው።